ካሮቱ ለምን ካሮት አልሆነም?

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ወንድ ልጅና የ8 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ጓሮ የለንም፤ ያለን ፀሐይ የሚገባበት አንድ መስኮት ብቻ ነው። ከኩሽና የተረፈውን እየወሰድን አብረን እንትከል ብለን ጀመርን። ምስር ክክ እርጥብ ጥጥ ላይ ዘራን፤ አብጦ ሸተተ እንጂ አልበቀለም። የካሮት አናት ውሃ ላይ አስቀመጥን፤ ቅጠል አወጣ፣ ካሮት ግን የለም። የአቮካዶ ፍሬ በስቴኪኒ ወግተን ብርጭቆ አፍ ላይ ካስቀመጥነው አንድ ወር አለፈው፤ ንቅንቅ አላለም። ትንሹ በየቀኑ "ዛሬስ?" ይለኛል፤ ትልቋ ተስፋ ቆርጣለች። የት ነው የተሳሳትነው? ምን ብንተክል ይሻላል? የበቀለውንስ መብላት ይቻላል?

መልስ፦ መጀመሪያ የምሥራቹን ልንገርዎ። ከሦስቱ ሁለቱ አልከሸፉም። ካሮቱ የሚችለውን ሠርቷል። አቮካዶውም ገና ጊዜው ነው። ያልሆነው ምስሩ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የእናንተ ጥፋት አይደለም። ድሮም መብቀል የማይችል ነገር ነው የዘራችሁት።

የአትክልት ባለሙያ ነኝ፤ ከልጆች ጋር ብዙ ዘር ዘርቻለሁ፣ ብዙም አበስብሻለሁ። ልጆችን ተስፋ የሚያስቆርጣቸው የተክል መሞት አይመስለኝም። እሱን ቶሎ ይረሱታል፤ እንዲያውም የበሰበሰውን ተሻምተው ያሸታሉ። የሚያስከፋቸው ቃል ሲታጠፍ ነው። "ካሮት እናበቅላለን" ተብሎ ቅጠል ከመጣ፣ ቅጠሉ የቱንም ያህል ቢያምር ልጁ ተሸወድኩ ይላል። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመትከላችሁ በፊት አብራችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ የምንበላው ነገር የተክሉ የትኛው ክፍል ነው? ዘር ነው፣ ሥር ነው ወይስ ግንድ? ምን እንደሚበቅል የሚወስነው ይኸው ነው።

ከምስሩ እንጀምር። ድፍን ምስር ሙሉ ዘር ነው። ልጣጩ ውስጥ ሁለት ወፍራም ክፋዮች አሉ፤ እነሱ ስንቅ ናቸው። በሁለቱ መካከል፣ ጠርዙ ላይ፣ የስፒል ራስ የማታክል ሽል ተቀምጣለች። ተክሉ እሷ ናት። ምስር ሲከካ ልጣጩ ይገፈፋል፣ ክፋዮቹ ይለያያሉ፣ ሽሏም ትጎዳለች ወይም ረግፋ ትቀራለች። እናንተ የዘራችሁት ስንቁን ነው፤ መንገደኛው የለም። ነጭ ሩዝም ያው ነው፤ ሲፈተግ ሽሉ አብሮ ይሄዳል። የተቆላ ወይም የተቀቀለ ነገር ደግሞ በሙቀት ሞቷል። ድፍን ምስር፣ ድፍን ሽንብራ፣ ስንዴ ወይም ቦሎቄ ይዛችሁ ብትደግሙት ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ይጎነቁላል።

ይህን ለትልቋ በቃል ከማስረዳት እጇ ላይ ማሳየት ይሻላል። አንድ ትልቅ ቦሎቄ ውሃ ውስጥ ይደር። ጠዋት ልጣጩን በጥፍሯ ገፋ ታድርገውና ቀስ ብላ ለሁለት ትክፈለው። ጭራ የመሰለች ሥርና ተጣጥፈው የተኙ ሁለት ስስ ቅጠሎች ታያለች። ምንም ሳንተክል፣ ቅጠሉ ቀድሞ እዚያው ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው። አጉሊ መነጽር ካለ በጣም ጥሩ፤ ባይኖርም በዓይን ይታያል። ከዚያ ከምስር ክኩ አንዱን አጠገቡ አስቀምጡና "የቱ ጋ ናት?" በሏት። መልሱን ራሷ ታገኘዋለች።

አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ቦሎቄን ነው። ርካሽ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ለትንሽ እጅ ይመቻል፣ ቶሎም ይበቅላል። አፈርም አይፈልግም፤ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ። ግልጽ ብርጭቆ ወይም የፕላስቲክ ኩባያ ውሰዱ። በውስጥ በኩል ዙሪያውን ሶፍት ለብጡበት፤ እንዳይወድቅ መሃሉን በተጨማደደ ሶፍት ሙሉት። ውሃ ውስጥ ያደሩትን ቦሎቄዎች በሶፍቱና በብርጭቆው መካከል ሽጉጧቸው፣ ከውጭ እንዲታዩ። ከሥር አንድ ጣት የማይሞላ ውሃ ጨምሩ። ሶፍቱ ራሱ ወደ ላይ ይስበዋል። ውሃው ፍሬዎቹን መንካት የለበትም። ዘር ይተነፍሳል፤ ከሰጠመ ታፍኖ ይበሰብሳል። ጀማሪዎች ከሚያደርቁት ዘር የሚያሰጥሙት ይበልጣል፤ ፍቅር ሲበዛ ውሃ ይበዛል መሰለኝ።

ደግሞ አንድ ፍሬ ብቻ አታድርጉ። አንዱ ቢሻግት ቤቱ ለቅሶ ቤት ይሆናል። ስድስት ይሁኑ፤ ሦስቱ የእሱ፣ ሦስቱ የእሷ። አንዱን ቀጥ አድርጉት፣ አንዱን ዘቅዝቁት፣ አንዱን አጋድሙት። ከዚያ ልጆቹ ይገምቱ፦ የተዘቀዘቀው ሥር ወደ ላይ ያድጋል? ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ሥር ብቅ ይላል። የቱንም ያህል ብትዘቀዝቁት ዞሮ ወደ ታች ይሄዳል። ሥሩ ጫፍ ላይ ባሉ ሴሎች ውስጥ ከበድ ያሉ የስታርች ቅንጣቶች አሉ፤ እነሱ ወደ ታች ሲዘቅጡ ተክሉ "ታች ይህ ነው" ብሎ ያውቃል። ሥሩ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ሲሆን ብርጭቆውን በጎኑ አጋድሙት። (ውሃውን መጀመሪያ ድፉ፤ ይህን የምናገረው ጠረጴዛዬ ርሶ ስለሚያውቅ ነው።) በነጋታው የሥሩ ጫፍ ወደ አዲሱ "ታች" ተጠምዝዞ ታገኙታላችሁ።

ለ8 ዓመት ልጅ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። ሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆ አዘጋጁ። አንዱ መስኮት ላይ፣ አንዱ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ከሳምንት በኋላ አወዳድሩ። የቁም ሳጥኑ ረዝሞ ይገኛል። ብዙ ልጆች "ጨለማው አሸነፈ!" ይላሉ። ቶሎ አታርሟት። ቀለሙን ትይ፣ ግንዱን ትንካ። ቢጫ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ራሱን አይችልም። ብርሃን ፍለጋ ስንቁን ሁሉ በቁመት ላይ ጨርሷል። ዘሩ ለመጎንቆል ብርሃን እንዳላስፈለገው፣ ቅጠሉ ግን ምግቡን ለመሥራት እንደሚያስፈልገው በአንድ ጊዜ ትረዳለች።

ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን ክፋዮቹ መጨማደድ ይጀምራሉ። ስንቁ እያለቀ ነው። ሶፍትና ውሃ ብቻ ምግብ አይሆኑትም፤ አሁን ወደ አፈር መግባት አለበት። በውሃ የተጀመረ ነገር ሁሉ፣ ሽንኩርቱም ሰላጣውም፣ እዚህ ደረጃ ይደርሳል። ብዙ ቤት "ጥሩ ጀምሮ ጠወለገ" የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ሥሩ ሳይበጠስ፣ ከሥሩ ቀዳዳ ባለው ዕቃ ውስጥ፣ ላላ ባለ አፈር ይተከል። ብርሃኑ በቂ ከሆነ ቁጥቋጦ ዓይነቱ ቦሎቄ ከተዘራ ከሁለት ወር በኋላ አካባቢ እሸት ይሰጣል። ብዙ አትጠብቁ። አምስት ስድስት እሸት ከመጣ ድግስ ነው።

ወደ ካሮቱ ልመለስ። ካሮት ሥር ነው። ያውም ጎተራ ነው። ተክሉ በመጀመሪያው ወቅት ምግቡን ሥሩ ውስጥ ያከማቻል፤ በሁለተኛው ያንን እየበላ አበባና ዘር ያወጣል። እኛ መሃል ገብተን ጎተራውን ነቅለን በላነው። የቀረው አናቱ ላይ ያለው ትንሽ የግንድ ቁራጭ ነው፤ እሱ ቅጠል ያቆጠቁጣል፣ የተቆረጠ ሥር ግን መልሶ አይሠራም። ቀይ ሥርም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ለልጆቹ "ካሮት እናበቅላለን" አትበሏቸው። "ጫካ እንሠራለን" በሏቸው። አራት አምስት የካሮት አናት ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ደርድሩ፣ ውሃው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሁን። ቅጠሉ ላባ ይመስላል፤ ለአሻንጉሊት አውሬዎች ግሩም ጫካ ነው። የ4 ዓመቱ ልጅ ካሮቱን ጨርሶ ይረሳዋል። ዕድል ቀንቷችሁ አንዱ አፈር ውስጥ ሥር ከሰደደ፣ ከወራት በኋላ ጃንጥላ የመሰለ ነጭ አበባ ያወጣል። ከዚያ ዘር ይመጣል። ካሮት የሚሆነው ያ ዘር ነው።

አቮካዶው። አንድ ወር ለአቮካዶ ምንም አይደለም። ለመሰንጠቅ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ ቤቱ ከቀዘቀዘ ደግሞ ይብሳል። ሦስት ነገር ይመልከቱ። ሰፊው፣ ጠፍጠፍ ያለው ጎን ነው ውሃ ውስጥ መሆን ያለበት፤ ሾጠጥ ያለው ወደ ላይ። የተገላቢጦሽ ከሆነ አሁኑኑ አዙሩት። ውሃው ዝቅተኛውን ሲሶ ያህል ይንካ፤ በየሁለት ቀኑ ይቀየር። ፍሬው ጠንካራ ነው ወይስ ለስልሷል? ጠንካራ ከሆነ በሕይወት አለ። ግንዱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ግማሹን ቁረጡት። ልጆቹ ይጮሃሉ፤ ግን ቅርንጫፍ የሚያወጣው ያኔ ነው። ከዚያ ግማሹ ፍሬ ከላይ እንዲታይ አድርጋችሁ አፈር ውስጥ ትከሉት።

ፍሬ ያፈራል ወይ? እውነቱን ንገሯቸው። ከዘር የበቀለ አቮካዶ ፍሬ ለመስጠት ከ5 እስከ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ መስኮት ላይ ያለው ጨርሶ ላያፈራም ይችላል። ቢያፈራም ፍሬው እናቱን አይመስልም፤ ልጅ ወላጁን ቁርጥ አድርጎ እንደማይመስል ሁሉ። ዛሬ በዓለም ገበያ በብዛት የሚሸጠው ሃስ የሚባለው አቮካዶ የተገኘው ግን በዚሁ በአለመምሰል ነው። ሩዶልፍ ሃስ የሚባል በካሊፎርኒያ የሚኖር ፖስታ አመላላሽ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዘር ተከለ። በቡቃያው ላይ የሌላ ዝርያ ቅርንጫፍ ሊያጣብቅበት ሞከረ፤ አልያዘለትም። ዛፏን ሊቆርጣት አስቦ ተዋት። ፍሬዋ ሲመጣ መጀመሪያ የወደዱት ልጆቹ ናቸው ይባላል። በ1935 የባለቤትነት መብት አወጣባት። እናት ዛፏ በ2002 ሞተች፤ በዓለም ላይ ያሉት የሃስ ዛፎች ሁሉ ግን ቁርጥራጭዋን በሌላ ግንድ ላይ እያጣበቁ የተባዙ ናቸው። ይህን ታሪክ ለትልቋ ይንገሯት። ብርጭቆዋን በሌላ ዓይን ታየዋለች።

"ዛሬስ?" ለሚለው ትንሹ ልጅ ግን ዛሬውኑ የሚያድግ ነገር ያስፈልገዋል። ለእሱ ባሮ ሽንኩርት ፍጹም ነው። ሥሩ ያለበትን ጫፍ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡና ሥሩ ብቻ የሚነከርበት ውሃ ውስጥ አቁሙት። መሃሉ በአንድ ቀን ውስጥ ከፍ ብሎ ይታያል። ብርጭቆው ላይ በየጠዋቱ በእስክርቢቶ መስመር ያስምር። ቁጥር ባያውቅም መስመሩን ያነባል። የነጭ ሽንኩርት ፍንካችም ጥሩ ነው፦ ሹል ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ አፈር ውስጥ ይቅበራት። አረንጓዴው ቅጠል በሁለት ሳምንት ገደማ ይወጣል፤ በመቀስ እየቆረጣችሁ ምግብ ላይ መነስነስ ትችላላችሁ። ሙሉ ራስ የሚሆነው ግን ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ መስኮት ላይ አይመከርም። የሰላጣና የጥቅል ጎመን ቂጥም ያቆጠቁጣል። ጥቂት ቅጠል እንጂ ሌላ ጥቅል አይሆንም፤ ይህንም አስቀድማችሁ ተናገሩ። ናና ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ያስቸግራል፤ ዘንጠል አድርጋችሁ ውሃ ውስጥ ካቆማችሁት በሳምንት ሁለት ሳምንት ሥር ያወጣል።

በውሃ የሚበቅል ነገር የሚሸተው በሁለት ምክንያት ነው። አንድ፣ ከሥሩ አልፎ አካሉ ውሃ ውስጥ ሲገባ። ሁለት፣ ውሃው ሳይቀየር ሲከርም። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ቀይሩ፤ ጥርስ ከመቦረሽ ጋር ብታያይዙት አይረሳም። የቆመ ውሃ ትንኝም እንደሚራባበት አይርሱ።

ድንችና ስኳር ድንችን ጎን ለጎን አድርጉ፤ ይህንን ጨዋታ እወደዋለሁ። ስማቸው ይመሳሰላል፣ ዝምድናቸው ግን ሩቅ ነው። ድንች ግንድ ነው። "ዓይን" የምንለው ጉድጓድ ውስጥ ያለው ቡቃያ ነው፤ ልጆቹ ዓይኖቹን ይቁጠሩ። ስኳር ድንች ሥር ነው፤ ዓይን የለውም፣ ግን ከአናቱ ብዙ ቡቃያ ይሰዳል። ግማሹን እርጥብ አፈር ውስጥ አጋድሙት፤ ቡቃያዎቹ አንድ ስንዝር ሲሆኑ ገንጥላችሁ ውሃ ውስጥ ሥር አስወጧቸው። የሚያምር ሐረግ ይሆናል፤ ቅጠሉም በስሎ ይበላል።

ድንቹ ግን ሀብት ፍለጋ ነው። ብርሃን ያለበት ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡትና ዓይኖቹ አጫጭር ወፍራም ቡቃያ ያውጡ። ሳምንታት አልፈውት ዝም ካለ፣ ሲከማች እንዳይበቅል የሚያደርግ መድኃኒት ተነክቶ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ፈልጉ። አሥር ሊትርና ከዚያ በላይ የሚይዝ፣ ከሥሩ የተበሳ ባልዲ ወይም ጆንያ ሲሶውን አፈር ሙሉ። ድንቹን ቅበሩ። ግንዱ ከፍ ባለ ቁጥር አፈር እየጨመራችሁ አልብሱት። ከ3 እስከ 4 ወር ሲሆን ቅጠሉ ይጠወልጋል። ያኔ ባልዲውን ጋዜጣ ላይ ገልብጡትና ለልጆቹ ልቀቁላቸው። በደብዛዛ መስኮት ላይ ግን አይሆንም፤ በቀን ውስጥ ቢያንስ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። የእናንተ መስኮት ያን ያህል ካላገኘ ድንቹን ተዉት።

አሁን ስለመብላቱ። እዚህ ላይ ጠበቅ ልበል። የቲማቲም ቅጠል፣ የድንች ቅጠልና ከአበባው በኋላ የሚመጣው ፍሬ አይበሉም። አረንጓዴ የሆነ ድንችም ሶላኒን የሚባል መርዝ ስላለው ይጣል፤ መቀቀል አያጠፋውም። የቦሎቄ ጉንቁል ጥሬውን አይቀመስም፤ በተለይ ቀዩ ቦሎቄ ጥቂት ፍሬ ጥሬ ቢበላ እንኳ ክፉ ትውከት ያመጣል። ምስርና ሽንብራ ሲጎነቁሉ የሚበሉ ናቸው፤ ነገር ግን ዘር የሚጎነቁልበት ሙቀትና እርጥበት ለባክቴሪያም ይመቻል። በ2011 (እ.ኤ.አ.) በጀርመን ከአብሽ ጉንቁል ጋር የተያያዘ ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ወረርሽኝ ከ3,800 በላይ ሰዎችን አሞ ከ50 በላይ ገድሏል። ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ጥሬ ጉንቁል አይመከርም፤ የእርስዎ ትንሹ 4 ዓመቱ ነው። በደንብ አብስላችሁ ብሉት። ከቤት ከተወሰደ የዱባ ዘር የበቀለ ዱባ ደግሞ መራራ ከሆነ ወዲያው ይጣል፤ ሲዳቀል መርዛማ መራራነት ሊወርስ ይችላል።

ሌላው፣ ደረቅ ቦሎቄ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይገባል፤ እዚያም እርጥበት አግኝቶ ያብጣል። ትንሹ ልጅ ቆጥሮ ይቀበል፣ ቆጥሮ ይመልስ። ስቴኪኒና ቢላ የእርስዎ ሥራ ይሁኑ። አፈር ከተነካ እጅ ይታጠብ።

ልጆቹ ራሳቸው ሐሳብ ሲያመጡ፣ ማምጣታቸውም አይቀርም፣ አስቀድመው ቢያውቁት የሚጠቅም ጥቂት ነገር አለ። የምንበላው ሙዝ ዘር የለውም፤ መሃሉ ላይ ያሉት ጥቁር ነጠብጣቦች ዘር ለመሆን ሞክረው የቀሩ ናቸው። የብርቱካንና የሎሚ ዘር ሳይደርቅ ከተተከለ ይበቅላል፤ አንዳንዴ ከአንዱ ዘር ሁለት ሦስት ቡቃያ ይወጣል። የፖም ዘር ክረምት ያለፈ እስኪመስለው ፍሪጅ ውስጥ፣ እርጥብ ሶፍት ተጠቅልሎ፣ ከ6 እስከ 12 ሳምንት መቆየት ይፈልጋል። የቃሪያ ዘር ቀልቶ ከበሰለው ይወሰድ፤ አረንጓዴው ገና ልጅ ነው። የቲማቲም ዘር የሚያሟልጭ ልባስ አለው፤ ፍሬው ውስጥ እያለ እንዳይበቅል የሚያግደው እሱ ነው፤ አጥባችሁ ዝሩት። አናናስ አናቱን ጠምዝዞ ነቅሎ፣ የታችኛውን ቅጠል ገፎ፣ ጥቂት ቀን አድርቆ መትከል ይቻላል። ፍሬው ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋል፤ እሾሃማም ስለሆነ ለትንሹ አይሆንም።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጀምሩ። መስኮታችሁ አንድ ነው። ባሮ ሽንኩርቱ ለትንሹ፣ ቦሎቄው ለሁለቱም፣ አቮካዶው ለትልቋ ይሁን፤ ይበቃል። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ስምንት ቦሎቄ ውሃ ውስጥ ጨምሩ፦ ስድስቱ ለብርጭቆው፣ ሁለቱ ተከፍተው ለመታየት። አቮካዶውን አይጣሉት። እስከ ስምንተኛው ሳምንት ጠንካራ ሆኖ ከቆየ ጠብቁት። ለስልሶ ከሸተተም፣ ትልቋ ከመጣሉ በፊት ለሁለት ከፍላ ውስጡን ትይ። ሽሏ የቱ ጋ እንደነበረች አሁን ታውቃለች።